500 ጫማ

መሣሪያው በአንድ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ፊቱ ክብ ነው፤ ስፋቱ 8 ሴንቲሜትር። ወደ ኋላ ያለው ርዝመት ከአንድ የመርቲ ድልህ ቆርቆሮ ብዙም አይለይም። ቤቱ ጥቁር ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ከኋላው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ የትንሿ ጣት ጫፍ አያልፍባትም። ፊቱ ላይ ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች በነጭ ተጽፈዋል። በአንዱና በሚቀጥለው ቁጥር መካከል 5 ክፍልፋዮች አሉ፤ አንዱ ክፍልፋይ 20 ጫማ ነው። ሦስት መርፌዎች አሉት። ረጅሙ አንዴ ሲዞር 1,000 ጫማ ነው። አጭሩና ሰፋ ያለው አንዴ ሲዞር 10,000 ጫማ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለው፤ የሚቆጥረውም አሥር ሺዎቹን ነው።

የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ ነው። የሙያው ሰዎች አልቲሜትር ይሉታል።

ባለቤቱ የሥራ ዘመናቸውን የመድኃኒት ርጭት አውሮፕላኖችን መሣሪያ በመጠገን ያሳለፉ፣ ዛሬ አቦምሳ በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። መለኪያው ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ እጃቸው ላይ ቀረ። መደርደሪያቸው ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል። የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልጠይቃቸው ነበር፦ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላንና ትንሽ አውሮፕላን በአየር ላይ ለጥቂት ሲተላለፉ፣ ያቺን «ጥቂት» የሚጠብቃት ምንድን ነው? ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። ጨርቁን አነሡና መለኪያውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

አቦምሳ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ቦታ ናት። የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ተቀምጣለች። ከታች ኑራ ኤራ አለ፤ ወረድ ሲል መተሐራ። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ላይ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላኖች ለአሥርተ ዓመታት መድኃኒት ረጭተዋል፤ ከሰብሉ ራስ ጥቂት ሜትር ከፍ ብለው እየበረሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አግ-ካት የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ «እሸት» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። ከላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በካርታ ላይ ከቀብሪ ደሃር እስከ አዲስ አበባ ክር ብትወጥሩ፣ ክሩ አቦምሳን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። ከተማዋ ከቦሌ በቀጥታ መስመር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ወደ ቦሌ የሚሄድ አውሮፕላን ከፍታውን መቀነስ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ርቀት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ እየወረደ፣ ቀላል አውሮፕላኖች ወደሚበርሩበት የአየር ንብርብር ይገባል።

ጋሼ በትንሽ ካቻቢቴ የፊቱን ቀለበት ፈቱ። መስታወቱ ወጣ። ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ የጎማ ቀለበት አለ፤ አየር በዚያ በኩል እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ውስጡን ከቤቱ አወጡት።

መካከሉ ላይ እርስ በርስ የተደራረቡ ክብ የብረት ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ከሁለት ስስ ዝርግ ብረቶች የተሠራ ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ ተበይደዋል። ብረቱ የመዳብና የቤሪሊየም ቅይጥ ነው። ስስ ነው፤ ግን ሞላ ነው፤ ተጭኖ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፊቱ ላይ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ሲጣል እንደሚሰፉት ክበቦች ያሉ ሽብሽቦች አሉ። ያለ ሽብሽቦቹ ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ድንገት «ጧ» ብሎ ይገለበጥ ነበር። በሽብሽቦቹ ምክንያት ቀስ ብሎ፣ በልክ ይነፋል። በሳጥኖቹ ውስጥ አየር የለም፤ ተመጥጦ ወጥቶ ተዘግቷል። የውጭው አየር ሲከብድ ይጨመቃሉ። ሲቀል ይነፋሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀላልና ሳጥኖቹ ከፍታን ያውቃሉ ማለት ነው። ይህን አየር አልባ ሳጥን ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ እ.ኤ.አ. በ1844 ሠርቶታል፤ ያኔ ለአየር ጠባይ መለኪያ ነበር።

ሳጥኖቹ ከመሬት እስከ ከፍተኛው ሰማይ የሚነፉት በድምሩ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ረጅሙ መርፌ ግን እስከ 35,000 ጫማ ድረስ 35 ጊዜ ይዞራል። የመርፌው ርዝመት 3 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ጫፉ በድምሩ ከ6 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በሳጥኖቹና በመርፌው መካከል ያለው ሥራ እንቅስቃሴን ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ማጉላት ነው። የሚያጎላው እንዲህ ነው፦ ከሳጥኖቹ ራስ አንዲት ቀጭን ማያያዣ ትነሣለች። ማያያዣዋ አንድን ዘንግ ታወዛውዛለች። ዘንጉ የክበብ ቁራጭ የሚመስል ባለ ጥርስ ብረት ይገፋል። ያ ብረት ትንሽ ማርሽ ያዞራል፤ ትንሹ ማርሽ ትልቁን፣ ትልቁ ሌላ ትንሽ። የዘንጎቹ ጫፎች እንደ ጥሩ የእጅ ሰዓት በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ያርፋሉ። በማርሾቹ ጥርሶች መካከል ክፍተት እንዳይኖር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ይይዛል። ጋሼ በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ሞላው ሲተነፍሱበት ይርገበገባል።

አንድ ነገር ግን ገና አልገባኝም ነበር። አየር ወደ ላይ ሲወጣ እኩል አይቀልም። በባሕር ወለል ላይ የ1 ሄክቶፓስካል የግፊት ልዩነት 8 ሜትር ነው። ቦሌ፣ በ2,324 ሜትር ላይ፣ ያው 1 ሄክቶፓስካል 10 ሜትር ይሆናል። በ37,000 ጫማ ደግሞ 29 ሜትር። ሳጥኖቹ የሚያውቁት ግፊትን ብቻ ነው። ታዲያ የፊቱ ክፍልፋዮች ከታች እስከ ላይ እንዴት እኩል ሆኑ?

ጋሼ ማያያዣዋን በፒንሳ ጫፍ ጠቆሙኝ። መልሱ እዚያ ነው። ማያያዣዋ ዘንጉን የምትይዝበት ማዕዘን ከፍታ ሲጨምር ይለወጣል፤ ስለዚህ ከላይ ስትሆን ትንሿ እንቅስቃሴ ዘንጉን ይበልጥ ታዞራለች። የሽብሽቦቹ ጥልቀትም ከዚሁ ጋር ተሰልቷል። ሒሳቡን የሚሠራው የብረቱ ቅርጽ ነው። አንዲት ብሎን ማዕዘኑን ታስተካክላለች፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። አጠገቧ ከሁለት የተለያዩ ብረቶች የተጣበቀ ስስ ዘንግ አለ። ሙቀት ሲለወጥ ይጎብጣል፤ ሳጥኖቹ በሙቀት የሚሳሳቱትን ያህል በተቃራኒው ያርማል። ይህ ሁሉ የመርቲ ቆርቆሮ በሚያህል ቤት ውስጥ ነው።

ከፊቱ ሥር አንዲት ቁልፍ አለች። ስትዞር በጠባብ መስኮት ውስጥ ቁጥር ይለወጣል፤ የዕለቱ የአየር ግፊት ነው። ይህን ዓይነቱን ትክክለኛ አልቲሜትር የሠራው ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ፖል ኮልስማን ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1928 ነበር። በዓመቱ አብራሪው ጂሚ ዱሊትል የአብራሪውን ክፍል በመሸፈኛ ዘግቶ፣ ውጭውን ሳያይ፣ ተነሥቶ ዞሮ አረፈ፤ ከመሣሪያዎቹ አንዱ የኮልስማን መለኪያ ነበር። ቁልፏን እኔ አዞርኳት። የተንቀሳቀሱት መርፌዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ሳጥኖቹ፣ ማርሾቹ፣ መላ አካሉ ቤቱ ውስጥ አብሮ ዞረ። ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ጋሼ ሁሉንም መልሰው ገጠሙና ከኋላ ባለችው ቀዳዳ ላይ አጭር የጎማ ቱቦ ሰኩ። በቱቦው ሌላ ጫፍ 10 ሚሊሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ አለ። «ሳብ አድርገው፤ ቀስ ብለህ» አሉኝ። ሳብኩ። ረጅሙ መርፌ ተነሣ። ሲሪንጁ 7 ላይ ሲደርስ ግማሽ ዙር ዞሮ ነበር።

«ያዝ። ይኸ ነው 500 ጫማ» አሉ።

የበረራ ሕጉ ቀላል ነው። በመሣሪያ የሚበርር አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ከሄደ ጎዶሎ ሺዎችን ይይዛል፦ 11,000፣ 13,000። ወደ ምዕራብ ከሄደ ሙሉ ሺዎችን፦ 12,000፣ 14,000። በዓይኑ እያየ የሚበርር ቀላል አውሮፕላን በዚህ ላይ 500 ይጨምራል። እንበልና አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወደ ምዕራብ በ12,000 ጫማ ይመጣል። አንድ ቀላል አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ በ11,500 ይሄዳል። ሁለቱም ሕግ አክብረዋል። አንዱ በሌላው ሥር ያልፋል። መካከላቸው 500 ጫማ ነው፤ 152 ሜትር። በግፊት ሲለካ 13 ሄክቶፓስካል ገደማ። በጋሼ ሲሪንጅ 7 ሚሊሊትር አየር።

እዚህ ላይ ዓይን አለ የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ተራ ሒሳብ እንሥራ። ትልቁ በሰዓት 550 ኪሎ ሜትር፣ ትንሹ 200 ቢበርሩና ፊት ለፊት ቢመጡ፣ በሰዓት 750 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። ሊገናኙ 30 ሰከንድ ሲቀራቸው ርቀታቸው 6 ኪሎ ሜትር ከ250 ሜትር ነው። ሴስና 172 የተባለው ቀላል አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ላይ ለትልቁ አብራሪ የሚታየው፣ እጅ ተዘርግቶ በጣት ጫፍ የተያዘች አንዲት የጤፍ ፍሬን ያህል ነው። የሚጋጭ ነገር ደግሞ በመስታወቱ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሄድም። ባለበት ቆሞ ይቆያል፤ የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው። ዓይን የሚንቀሳቀስን ያያል፤ የቆመን ይዘለዋል።

መስታወቱ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ሲበርር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። የፊት መስታወቱ ተሸፈነ። ድሬዳዋ ማረፍ አልቻለም፤ አዲስ አበባ ሄዶ በሰላም አረፈ። በዚያው ወቅት መንጋውን ለመርጨት ቀላል አውሮፕላኖችም ተሰማርተው ነበር።

ስለዚህ ትልቁ ትንሹን የሚያይበት ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ ትራንስፖንደር የሚባል ሬዲዮ አለ። ከውጭ በ1,030 ሜጋኸርዝ ሲጠየቅ በ1,090 ሜጋኸርዝ ይመልሳል። ከመልሶቹ አንዱ ከፍታው ነው። ከፍታውን ለሬዲዮው የሚነግረው ደግሞ ኢንኮደር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ፊት የለውም። ቁጥርም መርፌም የለውም። ከሰሌዳው ጀርባ፣ ሽቦ መካከል፣ ማንም በማያየው ቦታ ይታሰራል። በእንግሊዝኛ ዕውር ይሉታል። በእኔ እምነት ከእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ የረቀቀው እሱ ነው።

ጋሼ በአልቲሜትር ውስጥ የተገነባውን የድሮውን ዓይነት ኢንኮደር አሠራር በወረቀት ላይ ሣሉልኝ። ሳጥኖቹ ያው ናቸው። ከመርፌ በተጨማሪ ግን አንድ የመስታወት ሳህን ያዞራሉ። ሳህኑ ላይ ከመሐል ወደ ጠርዝ የተደረደሩ ክበቦች አሉ። እያንዳንዱ ክበብ ጥቁርና ጥርት ያሉ ቁራጮች የተፈራረቁበት ነው። በአንድ በኩል መብራት አለ። በሌላው በኩል ለየክበቡ አንድ ብርሃን ተቀባይ ዓይን። ብርሃን ካለፈ 1፣ ካላለፈ 0። የዜሮና የአንዶቹ ሰልፍ ከፍታው ነው። ሰልፉ በየ100 ጫማው ይለወጣል።

አሁን ጥበቡ። በተለመደው የሁለትዮሽ አቆጣጠር 7 ማለት 0111 ነው፤ 8 ማለት 1000። ከ7 ወደ 8 ሲታለፍ አራቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ነገር ግን አራት ቁራጮችን በመስታወት ላይ ፍጹም በአንድ መስመር መቅረጽ አይቻልም። አንዱ በፀጉር ስፋት ይቀድማል። ለቅጽበት 1111 ይነበባል፤ 15 ነው። በ700 ጫማ ያለ አውሮፕላን ለቅጽበት 1,500 ላይ ነኝ ይላል። ያን ቅጽበት የሚሰማው ሌላ አውሮፕላን ካለ፣ ውሸቱ አደጋ ነው።

መፍትሔው ከፍራንክ ግሬይ መጣ፤ በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ቁጥሮቹን እንደገና አሰለፋቸው። ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ሲታለፍ የሚለወጠው ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው። በአውሮፕላን ከፍታ ላይ የዋለው ዝርያው የጊልሃም ኮድ ይባላል። እዚህ ላይ ቁራጩ ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ የሚመጣው ስሕተት ወይ ያለፈው ደረጃ ነው ወይ የሚቀጥለው። ከ100 ጫማ በላይ መሳሳት አይችልም። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ ይህን ያውቁታል። ስንደዶው በአክርማ እየተጠቀለለ ሲዞር፣ የአለላው ቀለም በየዙሩ በአንድ ስፌት ብቻ ይሸሻል። ከዚያ ነው ሰያፉ መስመር ከታች እስከ ላይ ሳይሰበር የሚወጣው። አንዴ ሁለት ስፌት ከዘለለ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። የመስታወት ሳህኑን ሥዕል በጎን ስመለከት መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው መሶብ ነበር።

ትልቁ አውሮፕላን ይህን የሚሰማበት መሣሪያ ቲካስ ይባላል። በየሰከንዱ ገደማ ይጠይቃል። መልሱ ተመልሶ እስኪመጣ በፈጀው ጊዜ ርቀቱን ያውቃል። ርቀቱን በሚቀራረቡበት ፍጥነት አካፍሎ የቀረውን ጊዜ ያሰላል። ከ10,000 እስከ 20,000 ጫማ ባለው ንብርብር 45 ሰከንድ ሲቀር «ትራፊክ» ብሎ ያስጠነቅቃል። 30 ሰከንድ ሲቀር ውጣ ወይም ውረድ ብሎ ያዛል። ግራ ወይም ቀኝ አይልም፤ አንቴናው አቅጣጫን በዚያ ልክ ለይቶ አያውቅም። የሚያምነው ከፍታን ነው። አብራሪው በ5 ሰከንድ ውስጥ መጀመር አለበት። በዚህ ንብርብር መሣሪያው ሊያስገኝ የሚሻው ልዩነት 400 ጫማ ነው።

ቁጥሮቹ እንዴት እንደተጋጠሙ እዩ። ሕጉ 500 ይሰጣል። ቲካስ 400 ይጠብቃል። ኢንኮደሩ በ100 ይቆጥራል። በ12,000 ጫማ ላይ ለአንድ አልቲሜትር የሚፈቀደው ስሕተት 90 ጫማ ነው። ሁለቱ አውሮፕላኖች እጅግ በመጥፎ ዕድል አንዱ ወደ ታች አንዱ ወደ ላይ ቢሳሳቱ 180 ጫማ ይጠፋል፤ 320 ይቀራል። እያንዳንዱ ቁጥር የሌላውን ጉድለት እንዲሸከም ተደርጎ ተቆርጧል።

ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ሲገናኙ ሁለቱም ቲካስ አላቸው፤ በሬዲዮ ተነጋግረው አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ከቀላል አውሮፕላን ጋር ሲሆን ግን የሚሸሸው ትልቁ ብቻ ነው። ትንሹ የሚያዋጣው አንድ ነገር፣ እውነተኛ ከፍታውን መናገር ነው። ትራንስፖንደሩ ከፍታ ካልተናገረ፣ ቲካስ «አንድ ነገር አለ» ከማለት አያልፍም፤ ውጣም ውረድም ማለት አይችልም። ትራንስፖንደሩ ከጠፋ ደግሞ፣ ለቲካስ ትንሹ አውሮፕላን የለም።

ይህ ትምህርት በደም ተጽፏል። ነሐሴ 25 ቀን 1978 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ፣ ሴሪቶስ በተባለች ከተማ ላይ፣ 64 ሰዎች የያዘ የኤሮሜክሲኮ ዲሲ-9 እና ሦስት ሰዎች የያዘ ፓይፐር የተባለ ቀላል አውሮፕላን ተጋጩ። በመሬት ላይ ከነበሩት ጋር 82 ሰዎች ሞቱ። ፓይፐሩ ትራንስፖንደር ነበረው፤ ከፍታውን ግን አይናገርም ነበር። አሜሪካ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ቲካስን፣ በትልልቅ ኤርፖርቶች ዙሪያ በሚበርሩ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ከፍታ ተናጋሪውን መሣሪያ ግዴታ ያደረገችው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ እኛ ቀረብ ያለው የናይሮቢው ነው። የካቲት 26 ቀን 2016 ከዊልሰን ኤርፖርት የተነሣ፣ 44 ሰዎች ያሳፈረ የሳፋሪሊንክ የመንገደኞች አውሮፕላን ዳሽ 8 እና ለሥልጠና የወጣ ሴስና 172 በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ተጋጩ። ዳሽ 8ቱ ተመልሶ በሰላም አረፈ። በሴስናው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ። በእኛም ሰማይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠልጣኞች ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ያበርራሉ፤ የሀገር ውስጥ መሥመሮችን የሚሠራው ኪው400ም የዚያው የዳሽ 8 ዝርያ ነው።

ይህን ስናወራ ጋሼ መለኪያውን ይዘው በጠቋሚ ጣታቸው መስታወቱን ጠቅ ጠቅ አደረጉት። መርፌው በአንድ ክፍልፋይ እኩሌታ ዘለለ። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። ማርሾቹ በጣም ጥቂት ቢሆንም ይያዛሉ፤ የፒስተን ሞተር ንዝረት ነው የሚያላቅቃቸው። ጄት ንዝረቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ በጄት ላይ የሚገጠም ባለ መርፌ አልቲሜትር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ አንዝፋዝፊ ይጨመርበታል፤ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ጣት ነው።

የመለኪያውን ፍተሻ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝግ አለ። በብዙ አገር የሚታወቀው የአሜሪካ ደንብ በየ24 ወሩ ይላል። መለኪያው አየር በሚመጠጥበት ክፍል ውስጥ ይገባል። ከፍታው ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ተቆሞ ይነበባል። በባሕር ወለል የሚፈቀደው ስሕተት 20 ጫማ ነው፤ በ8,000 ጫማ 60፤ በ20,000 ጫማ 130። አሰላ ከተማ 8,000 ጫማ አካባቢ ላይ ናት፤ እዚያ የቆመ አውሮፕላን መለኪያ በ60 ጫማ ቢሳሳት ይታለፋል፣ በ70 ቢሳሳት ይፈታል። ከዚያ ተመልሶ ይወረዳል፤ እንደገና ይነበባል። ብረት ትዝታ አለውና ሲወርድ የሚያሳየው ሲወጣ ካሳየው ትንሽ ይለያል። ያ ልዩነትም ልክ ተሰጥቶታል። ከዚያ ቤቱ ያፈስ እንደሆነ ይታያል፤ 18,000 ጫማ ላይ ተይዞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ100 ጫማ በላይ ከተለወጠ ወድቋል። በመጨረሻ ኢንኮደሩና አልቲሜትሩ ይነጻጸራሉ፤ አብራሪው የሚያየውና ሬዲዮው የሚናገረው ከ125 ጫማ በላይ መለያየት የለባቸውም።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኳቸው።

«ካልቸኮልክ ግማሽ ቀን። ከቸኮልክ ሁለት ቀን» አሉ። ደግመህ ስለምትሠራው ማለታቸው ነው።

ከእሳቸው ቤት ከመነሣቴ በፊት አንድ ነገር አስተውል አሉኝ። መለኪያውን መልሰው ከገጠሙ በኋላ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ረጅሙ መርፌ የቆመበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ነበር። በሞቃት ምድር ላይ የአየር ግፊት በየቀኑ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይከብዳል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይቀላል። ልዩነቱ ወደ 3 ሄክቶፓስካል ነው። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የሰዓቱን ግፊት ከተቆጣጣሪው ተቀብሎ በመስኮቷ ውስጥ የሚሞላው አንድም ለዚህ ነው።

10 ሰዓት ሲሆን አብረን አየነው። መርፌው ከእርሳሱ ምልክት አንድ ቁጥር ያህል ወደ ላይ ሄዷል። የጋሼ ቤት ካለበት ሳይነቃነቅ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ 100 ጫማ ወጥቶ ነበር።